አንዷን ያርድ ማስጣል ያቃተው ሕግ ለማስቀየር ሮጠ

ሜይ 21 ቀን 2025 (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በአጭር ስሙ ኤንኤፍኤል፣ የ32ቱን ቡድኖች ባለቤቶችና ተወካዮች ሚኒሶታ ላይ ሰብስቦ አንድ ጥያቄ ለድምፅ አቀረበ። ጥያቄው «ኳስ የያዘን ተጫዋች የገዛ ጓደኞቹ ከኋላ እንዳይገፉት ይከልከል ወይ?» የሚል ነበር። 22 ቡድኖች ይከልከል አሉ። 10 ቡድኖች አይከልከል አሉ። ደንብ ለመቀየር ከአራት ሦስት እጅ፣ ማለትም 24 ድምፅ ስለሚያስፈልግ ሐሳቡ በሁለት ድምፅ ጎደሎ ወደቀ።

ወሬው ከሩቅ ሲሰማ የስፖርት ገጽ ጥግ ላይ የሚቀር ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከስፖርት የሚያልፍ ጥያቄ አለበት። አንድ ተፎካካሪ ደንቡን ሳይጥስ ደጋግሞ ሲያሸንፍ፣ የተሸነፈው ወገን ምን ያድርግ? ልምምድ ሜዳ ይውረድ ወይስ ስብሰባ ይጥራ? የ22ቱ ቡድኖች መልስ ስብሰባ ነበር። መልሱ ስህተት ነው። ይህ ጨዋታ ሊቆም ይችላል፤ ቆሞም ታይቷል። ያቆመው ግን ድምፅ ሳይሆን መከላከያ ነው።

*ጨዋታው እንዴት ነው?*

የአሜሪካ ፉትቦልን ለማይከታተል ሰው ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመራመድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል። አንድ ያርድ 91 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። በአራቱ ሙከራ 10 ያርዱን ከሞላ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልሞላ ኳሷ ለተጋጣሚው ትሰጣለች። ስለዚህ ብዙዎቹ ቡድኖች አራተኛው ሙከራ ላይ ሲደርሱ አደጋውን ፈርተው ኳሷን በእግር ወደ ሩቅ ይመቷታል።

የክርክሩ ምክንያት የሆነው ጨዋታ የሚመጣው አንድ ያርድ ወይም ከዚያ ያነሰ ሲቀር ነው። ኳስ አከፋፋዩ፣ ማለትም ኳርተርባኩ፣ ኳሷን ከሚያቀብለው ከሴንተሩ ጀርባ ተጠግቶ ይቆማል። ከፊቱ ያሉት ግዙፎቹ የመስመር ተጫዋቾች እጃቸውን መሬት ላይ ተክለው ዝቅ ይላሉ። ከኳርተርባኩ ኋላ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ጓደኞቹ ይሰለፋሉ። ኳሷ ስትነሳ ፊተኞቹ ይቆፍራሉ፣ ኳርተርባኩ በመሃላቸው ይሰነጥቃል፣ ኋለኞቹ ወገቡንና መቀመጫውን ይዘው ይገፉታል። በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነገሩ ያልቃል። አሜሪካኖቹ «ታሽ ፑሽ» ይሉታል፤ የመቀመጫ ግፊያ እንደ ማለት ነው። የፊላደልፊያ ሰዎች ደግሞ የከተማቸው ስም በግሪክኛ የወንድማማች ፍቅር ማለት ስለሆነ በዚያ ቀልደው «የወንድማማች ግፊያ» ብለውታል።

ከ2022 ጀምሮ ይህን ጨዋታ ከማንም በላይ የተካነው ፊላደልፊያ ኢግልስ ነው። ኳርተርባኩ ጄለን ኸርትስ ገና ተማሪ ሳለ ክብደት ማንሳት ይወዳደር የነበረ፣ 270 ኪሎ ግድም ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ እንደሚነሳ በሰፊው የተዘገበለት ሰው ነው። ከፊቱ በግራ በኩል የሚቆመው ጆርዳን ማይላታ የአውስትራሊያ ራግቢ ተጫዋች የነበረ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ያለፈ፣ ክብደቱ 165 ኪሎ የሚጠጋ ግዙፍ ነው። ኳስ አቀባዩ ጄሰን ኬልሲ በ2024 መጀመሪያ ጡረታ ሲወጣ «ግፊያው አበቃለት» ያሉ ብዙ ነበሩ። አላበቃም። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተተክቶ፣ ኢግልስ በዚያው የውድድር ዘመን ሱፐር ቦውልን ወሰደ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ኒው ኦርሊንስ ላይ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ 22 ሲያሸንፍ የመጀመሪያዋ ተችዳውን የገባችው በዚሁ ግፊያ ነበር።

ስኬቱ ምን ያህል ነው ለሚል፣ ኢኤስፒኤን ከ2022 እስከ 2024 የነበሩትን ሦስት የውድድር ዘመናት ቆጥሮ ነበር። ፊላደልፊያና ባፋሎ ሁለቱ ብቻ ይህን ጨዋታ ከቀሩት 30 ቡድኖች ድምር በላይ ተጫውተውታል። የሁለቱ ሙከራ ከመቶ 87 እጁ ተሳክቷል። የሌሎቹ ከመቶ 71 ገደማ ነው። ይህች የቁጥር ልዩነት ብዙ ትናገራለች። ደንቡ ብቻውን ያርድ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል ይወስዱ ነበር።

*መግፋት መቼ ተፈቀደ?*

የከልካዮቹን ክርክር በሚዛን ለማየት ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል። ፉትቦል በክምር መግፋትን ሲከለክል ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። በ1892 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተጫዋቾቹን እንደ ሽብልቅ አሰልፎ፣ ከሩቅ እየሮጡ ተያይዘው የዬልን መስመር እንዲሰብሩ አደረገ። ጨዋታው እጅግ አደገኛ ስለነበር ሁለት ዓመት ሳይቆይ ታገደ። በ1905 ደግሞ በሜዳ ላይ የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በዝቶ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎችን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርተው አነጋገሩ። በማግስቱ ዓመት ኳስን ወደ ፊት መወርወር ተፈቀደ፤ መራመድ ያለበትም ከ5 ያርድ ወደ 10 ያርድ ከፍ አለ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ፉትቦል የተወለደው ከዚያ ማሻሻያ ነው።

ስለዚህ ደንብ መቀየር ኃጢአት አይደለም። ልዩነቱ ምክንያቱ ላይ ነው። ያኔ ደንብ የተቀየረው ሰው ስለሞተ ነው።

በኤንኤፍኤል ኳስ የያዘን ሰው መግፋት ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነበር። ክልከላው በ2005 ተነሣ። የተነሣውም ዳኞች በተዛዘለ ክምር ውስጥ ማን ማንን እንደገፋ ለይተው መቅጣት ስላቃታቸው ነው። መጎተት እስከ ዛሬ ክልክል ነው፤ መግፋት ግን ለሁሉም ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ 17 የውድድር ዘመናት አለፉ። በሩ ለ32ቱም እኩል ክፍት ነበር። አንድ ቡድን ገብቶ ቤት ሲሠራበት ግን ሌሎቹ «በሩ ይዘጋ» አሉ።

የክልከላውን ሐሳብ ያቀረበው ግሪን ቤይ ፓከርስ ነው። ፓከርስ ጃንዋሪ 12 ቀን 2025 በጥሎ ማለፉ በፊላደልፊያ ተሸንፎ ከውድድር የወጣ ቡድን ነው። ውጤቱ 22 ለ 10 ነበር። ከአራት ወር በኋላ የድምፁ ቆጠራም 22 ለ 10 ወጣ። አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ፈገግ አሰኝቷል።

*በአንድ ቀን የታዩ ሁለት መከላከያዎች*

«ሊቆም አይችልም» የሚለውን ለመመርመር ከጃንዋሪ 26 ቀን 2025 የተሻለ ቀን የለም። በዚያ ዕለት ሁለቱ የግማሽ ፍጻሜ ግጥሚያዎች ተደርገዋል፤ በሁለቱም ይህች አጭር ርቀት ወሳኝ ሆናለች።

የመጀመሪያው ፊላደልፊያ ላይ ነበር። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተንና ከአካባቢዋ የመጣው ኮማንደርስ ከ33 ዓመት በኋላ እዚህ ደረጃ መድረሱ ነበር። ፊላደልፊያ ከግቡ መስመር ጫፍ ላይ ለግፊያ ሲሰለፍ፣ የዋሽንግተኑ ተከላካይ ፍራንኪ ሉቩ ኳሷ የምትነሳበትን ቅጽበት ገምቶ በመስመሩ ላይ ዘሎ ተወረወረ። ቀድሞ ስለዘለለ ቅጣት ሆነ። ደግሞ ዘለለ። ደግሞ ቅጣት ሆነ። ከግቡ አንድ ያርድ ላይ ቅጣት ማለት የቀረውን ርቀት በግማሽ መቀነስ ብቻ ስለሆነ ተከላካዩ የሚያጣው ነገር እምብዛም ነው። ሌላ ተጫዋችም ቀድሞ ተንቀሳቅሶ ሲቀጣ ዳኛው ሾን ሆኩሊ ድምፅ ማጉያውን ከፍተው፣ ይህ ድርጊት ከተደገመ ነጥቡን ለፊላደልፊያ ሊሰጡ እንደሚችሉ አስጠነቀቁ። ስታዲየሙ ሳቀ። ኸርትስም ተገፍቶ ገባ። ጨዋታው 55 ለ 23 አለቀ።

ሁለተኛው ካንሳስ ሲቲ ላይ ነበር። ባፋሎ ቢልስ በአራተኛው ሩብ መጀመሪያ 22 ለ 21 እየመራ፣ አራተኛው ሙከራ ላይ ከአንድ ያርድ ያነሰ ቀረው። ኳርተርባኩ ጆሽ አለን ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉልበተኛ ነው፤ በዓመቱ ውስጥ በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ተሳክቶለታል። ካንሳስ ሲቲ ግን አልዘለለም። ባፋሎ በዚህ ጨዋታ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል አጥንቶ ስለነበር ሰዎቹን በዚያ ወገን አከማቸ። አለን ወደዚያው ሄደ፤ ክምሩ አቆመው። ኳሷ ለካንሳስ ሲቲ ሆነች፤ ቺፍስ ወዲያው አግብቶ መሪነቱን ወሰደ፤ ጨዋታው 32 ለ 29 አለቀ።

ዋሽንግተን በዕድል ላይ ተወረወረ፤ ካንሳስ ሲቲ በጥናት ላይ ቆመ። ልዩነቱ ይኸው ነው። እውነት ነው፣ ያው ካንሳስ ሲቲ ከሁለት ሳምንት በኋላ በኢግልስ ግፊያ ግብ ተቆጥሮበታል። ማጥናት ሁልጊዜ አያድንም። ይሁን እንጂ «አይቻልም» የሚለውን ቃል ሐሰት ያደርገዋል።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

የግፊያው ዋና ብልጫ ሁለት ነው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ አጥቂው ኳሷ መቼ እንደምትነሳ ያውቃል፣ ተከላካዩ ግን አይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ዝቅ ብሎ የገባ ቀና ብሎ የቆመን ያነሣዋል። የሚሠራ መከላከያ ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ማፍረስ አለበት።

መጀመሪያ የሚመጣው ከፍታው ነው። የመሃል ተከላካዮች ደረታቸውን መሬት ሊያስነኩ እስኪቃረቡ ዝቅ ብለው፣ በሴንተሩና በግራ ቀኙ ባሉት ሁለት ጠባቂዎች መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት አለባቸው። ዓላማቸው ሰው መያዝ ሳይሆን እዚያው መስመሩ ላይ ክምር መሥራት ነው። ፊተኞቹ ካልተራመዱ ኋለኞቹ ቢገፉ የሚገፉት ግድግዳ ነው።

ቀጥሎ ከክምሩ ጀርባ ያሉት ናቸው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፣ ሁለተኛው የተከላካይ ረድፍ ርቆ ቆሞ ከመመልከት ይልቅ በፊተኛው ረድፍ ጀርባ ተጠግቶ ኸርትስ ቀና የሚልበትን ቦታ መጠበቅ አለበት። ኳርተርባኩ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይገባል፤ መንገድ ሲያጣ ቀና ብሎ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል። ያቺ ቅጽበት የተከላካዩ ናት።

ሦስተኛው ጊዜውን ማወክ ነው። ደንቡ አጥቂው ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ጸጥ ብሎ እንዲቆም ያስገድደዋል፤ ተከላካዩ ግን መስመሩን እስካላለፈ ድረስ እንደ ልቡ ቦታ መቀያየር ይችላል። በመጨረሻው ሰከንድ የሚደረግ መሸጋሸግ የአጥቂውን የሥራ ክፍፍል ያዛባል፤ አንዳንዴም ቀድሞ እንዲንቀሳቀስና እንዲቀጣ ያደርገዋል። አንድ ያርድ የቀረው አጥቂ አምስት ያርድ ሲቀጣ ስድስት ያርድ ሆነበት ማለት ነው፤ በስድስት ያርድ ደግሞ ግፊያ የለም። መዝለል ግን የመጨረሻ አማራጭ ነው። የፒትስበርጉ ትሮይ ፖላማሉ በ2010 ቴነሲ ላይ በትክክለኛዋ ቅጽበት ዘሎ ኳርተርባኩን ጥሎ ነበር፤ ፖላማሉ ግን በየዓመቱ አይወለድም።

አራተኛው ኳሷን መፈለግ ነው። ኳርተርባኩ በክምር መሃል ወዲያና ወዲህ ሲገፋ ሁለት እጁ ሁልጊዜ ኳሷን አጥብቆ አይይዝም። ኖቬምበር 28 ቀን 2025 የቺካጎ ቤርሱ ናሾን ራይት ፊላደልፊያ ላይ፣ በገዛ ሜዳቸው፣ በዚሁ ግፊያ መሃል ኳሷን ከኸርትስ እጅ ነጠቀ። ቺካጎም 24 ለ 15 አሸነፈ። ለሦስት ዓመት «መድኃኒት የለውም» የተባለው ጨዋታ መድኃኒቱ አንድ እጅ ሆኖ ተገኘ።

ጎኖቹን አለመርሳት ደግሞ ግድ ነው። ሁሉም ወደ መሃል ሲጎርፍ ፊላደልፊያ የሚገፋ መስሎ ኳሷን ወደ ዳር ያወጣል። ስለዚህ ጫፍ ላይ የቆመ ተከላካይ መሃሉ ቢቃጠል እንኳ ቦታውን አይለቅም።

ከሁሉም የሚበልጠው መከላከያ ግን ከዚያች አንድ ያርድ በፊት ያለው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል አገራችን። ግፊያው የሚመጣው ቀድመው በተደረጉት ሙከራዎች ዘጠኝ ያርድ ስለተሰጠ ነው። ፊላደልፊያን በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሙከራ ያቆመ ቡድን ግፊያውን ሳያይ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል። በዚያች በመጨረሻዋ ያርድ የሚናደድ አሠልጣኝ የጨዋታውን ቪዲዮ ሁለት ሙከራ ወደ ኋላ መልሶ ቢያይ ጥፋቱን እዚያ ያገኘዋል።

*የከልካዮቹ ክርክር*

ከልካዮቹ የሚያነሧቸው ነገሮች ሁሉ ባዶ አይደሉም። የመጀመሪያው ደኅንነት ነው። ያን ሁሉ ክብደት በአንድ ሰው አንገትና ጀርባ ላይ መጫን ያስፈራል፤ በወቅቱ የባፋሎ አሠልጣኝ የነበሩት ሾን ማክደርሞት፣ ቡድናቸው ራሱ የጨዋታው ተጠቃሚ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ስጋት ደጋግመው ተናግረዋል። ኦክቶበር 2023 ላይ የኒው ዮርክ ጃያንትስ ቡድን ግፊያውን ሲሞክር በአንዱ ሙከራ ሁለት ተጫዋቾቹ ተጎድተዋል። ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን ለስብሰባው የቀረበው በዋናነት ወደፊት ሊደርስ ስለሚችል ጉዳት ያለ ስጋት እንጂ የተጎጂዎች መዝገብ አልነበረም። ማስረጃው ሲመጣ ደንቡ ይቀየር፤ ያኔ የሚቃወም አይኖርም። የጃያንትስ አጋጣሚም ቢሆን የሚያሳየው ጨዋታው ሳይለማመዱ የሚገቡበት ቀላል ነገር አለመሆኑን ነው።

ሁለተኛው «ይህ ፉትቦል አይደለም፤ ችሎታ አይጠይቅም» የሚለው ነው። ችሎታ የማይጠይቅ ከሆነ 87 እና 71 ከየት መጡ?

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ዳኝነት። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2025 ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 20 ለ 17 ሲያሸንፍ፣ በግፊያው ወቅት የኢግልስ የመስመር ተጫዋቾች ኳሷ ሳትነሳ ቀድመው ሲንቀሳቀሱ በቪዲዮ በግልጽ ታየ፤ ፊሽካ ግን አልተነፋም። ተቃውሞው ትክክል ነበር። ሊጉም ዳኞቹ ከዚያ በኋላ በጥብቅ እንዲመለከቱ አሳሰበ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 ደግሞ የጃያንትስ ተከላካይ ኳሷን በግፊያ መሃል ነጥቆ ሳለ፣ ዳኞቹ የኸርትስ ግስጋሴ ቀድሞ ቆሟል ብለው ለፊላደልፊያ ፈረዱ፤ ውሳኔውም በቪዲዮ የሚታይ ዓይነት አልነበረም።

አንድ ሌላ እውነትም ከልካዮቹን ይደግፋል። ከ2013 ጀምሮ ኳስ በእግር ወደ ግብ ሲመታ ተከላካዩ ጓደኛውን ከኋላ መግፋት አይችልም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኒው ኢንግላንድ በዚህ ደንብ ተቀጥቶ በኒው ዮርክ ጄትስ 30 ለ 27 ተሸንፏል። ሊጉ እዚያ መግፋትን ለደኅንነት ከልክሎ እዚህ መፍቀዱ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው።

ዳሩ ግን የእነዚህ ሁሉ መድኃኒት ያለውን ደንብ ማስከበር ነው። ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ይቀጣ፤ ሁልጊዜ፣ ያለ ይሉኝታ። ፊሽካው ለሁለቱም ወገን እኩል ይነፋ፤ አጥቂው መግፋቱን እንዲቀጥል ከተፈቀደለት ተከላካዩም ኳሷን መንጠቁን እንዲቀጥል ይፈቀድለት፤ ግስጋሴው ቆሟል ከተባለ ለሁለቱም ይቁም። እንዲህ ያለው ነጠቃም በቪዲዮ ይታይ። ዳኞቹ ዓይናቸውን ሲከፍቱና ተከላካዮቹ ሲለማመዱ በ2025 የውድድር ዘመን ግፊያው እንደ ቀድሞው አስተማማኝ አልሆነም። አንድም ደንብ አልተቀየረም።

*ድምፁ ቢያልፍ ኖሮ*

ሁለት ድምፅ ተጨምሮ ክልከላው ቢጸድቅ ኖሮ የናሾን ራይት ነጠቃ ባልታየ ነበር። የተከላካይ አሠልጣኞች ሌሊት ተቀምጠው ያጠኑት ሁሉ መሳቢያ ውስጥ በቀረ። ቀጣዩ አዲስ ነገር ያመጣ ቡድንም አንድ ትምህርት በወሰደ፦ በጣም አትሳካ፤ ከተሳካልህ ይሰበሰቡብሃል።

ደንብ አውጪዎች ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸውን ሊጠይቁ የሚገባቸው አንድ ነገር ነው። ይህን የምንከለክለው ሰው ስለተጎዳ ነው ወይስ ሰው ስለተሸነፈ? መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ሁለተኛው ከሆነ ልምምድ ሜዳው ክፍት ነው፤ የሚፈለገውም አንድ ያርድ ብቻ ነው።